ኬኔዲ፤ የአንድ የአየርላንድ ስም ትውልድና ስደት

በስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ «ኬኔዲ» የሚለው ቃል የሰው ስም መሆኑ ቀርቶ የቤት ስም ሆኗል። «ኬኔዲ እንገናኝ»፤ «ኬኔዲ ቦታ ያዝልኝ» ስንባባል፥ ቤተ መጻሕፍቱ የተሰየመለት የአሜሪካ ፕሬዚደንት በ1963 ዳላስ ላይ በጥይት መሞቱን የሚያስበው ከመካከላችን ጥቂቱ ነው። ስሙ ራሱ ምን ማለት እንደ ሆነና ከየት ተነሥቶ እዚህ እንደ ደረሰ የሚጠይቅ ግን እስከ ዛሬ አልገጠመንም። ነገሩ ለታሪክና ለቋንቋ ተማሪ ብዙ ትምህርት የሚሰጥ ሆኖ ስላገኘነው በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው አሰብን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባብያን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።

ከሁሉ አስቀድሞ፥ አንድ የቤተሰብ ስም እንዴት ይወለዳል? እኛ ኢትዮጵያውያን በአብዛኛው የቤተሰብ ስም የለንም። አንድ ሰው ተሰማ ከበደ ከተባለ ከበደ አባቱ ነው፤ ተሰማም አበበን ቢወልድ ልጁ አበበ ተሰማ ይባላል እንጂ አበበ ከበደ አይባልም። ስሙ በየትውልዱ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይራመዳል። የጥንት አየርላንዳውያንም ልማዳቸው ይኸው ነበር። በቋንቋቸው በጌይሊክ «ማክ» ማለት ልጅ ማለት ነው፤ «ኦ» ማለት ደግሞ የልጅ ልጅ ማለት ነው። የሎርካን ልጅ የሆነውን ኬኔቲግን «ኬኔቲግ ማክ ሎርካን» ብለው ይጠሩታል፤ የኬኔቲግ ልጅ ሲነሣ ግን ሎርካን ይወድቅና ኬኔቲግ በቦታው ይገባል።

ታዲያ ከዕለታት አንድ ቀን የአያት ስም መራመዱን ያቆማል። የልጅ ልጁ «ኦ እገሌ» ተብሎ ይጠራል፤ የእርሱም ልጅ፥ የዚያም ልጅ በዚሁ በአንዱ ሰው ስም ይጠራሉ። ያ ሰው አያት መሆኑ ቀርቶ ቅድመ አያት፥ ከዚያም ምንጅላት ሲሆን ስሙ ከቆመበት አይነቃነቅም። የቤተሰብ ስም የምንለው እንግዲህ የረጋ የአያት ስም ነው። በአየርላንድ ይህ የሆነው በ10ኛውና በ11ኛው ምዕት ዓመት ሲሆን፥ በአውሮፓ ከሁሉ ቀደም ብለው ከተወለዱት የቤተሰብ ስሞች መካከል የእነርሱ ይቆጠራል። ብዙዎች የቆዩ መጻሕፍት ይህን ሥርዓት በአዋጅ ያወጣው ታላቁ ንጉሥ ብራየን ቦሩ ነው ይላሉ። ነገር ግን የአይድነ ገዥ ቲገርናክ «ኦ ክሌሪ» ተብሎ በዜና መዋዕል ተጽፎ የምናገኘው በ916 በሞተበት ዘመን ነው፤ ብራየን ደግሞ የተወለደው ከዚያ በኋላ ነው። ያልተወለደ ንጉሥ አዋጅ ሊያስነግር አይችልምና ተረቱን በዚሁ እንተወዋለን።

ስሙ ለምን ረጋ ብለን ብንጠይቅ ምክንያቱ ርስትና ሥልጣን ነው። በጥንቱ የአየርላንድ ሕግ ለንግሥና የሚታጨው ከአንድ ቅድመ አያት የሚወለድ ሰው ነበር፤ ስለዚህ ማን ከውስጥ ማን ከውጭ እንደ ሆነ መለየት ግድ ሆነ። በእኛም አገር የአባቱን ስም ብቻ የሚጠራ ገበሬ፥ የርስት ክርክር ሲመጣ እስከ አቅኚው አባት ድረስ ሲቆጥር ይሰማ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ልዩነቱ እኛ ቆጠራውን በቃል ስንይዘው እነርሱ በስም ላይ መቸከላቸው ነው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። ዛሬ በዋሽንግተንና በአካባቢው የሚኖሩት ወገኖቻችን ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሲያስመዘግቡ «የቤተሰብ ስም» የሚል ባዶ ሥፍራ ይቀርብላቸዋል። ከእነርሱም ብዙዎቹ በፓስፖርታቸው ላይ በመጨረሻ የተጻፈውን የአያታቸውን ስም በዚያ ይሞላሉ፤ ልጁም፥ የልጁ ልጅም በዚያው ይቀጥላል። በ10ኛው ምዕት ዓመት በሻነን ወንዝ ዳር የሆነው ነገር በዘመናችን በእኛው ሰዎች ላይ እየሆነ ነው ማለት ነው። ያ አገር ቤት የቀረ አያት ስሙ በባሕር ማዶ ለብዙ ትውልድ እንደሚቆም አላወቀም፤ ኬኔቲግም አላወቀም።

ይህ ኬኔቲግ ማን ነው? በምዕራብ አየርላንድ፥ የሻነን ወንዝ ወደ ባሕር ሲያዘቀዝቅ በሚያልፍበት በክሌር አገር ዳል ጋሽ የሚባል ነገድ ነበረ። ኬኔቲግ የዚህ ነገድ ንጉሥ ሲሆን የሞተው በ951 ነው። ከልጆቹም አንዱ ያው ብራየን ቦሩ ነው። ብራየን በ1002 የአየርላንድ የበላይ ንጉሥ ሆነ፤ በ1014 በደብሊን አጠገብ ክሎንታርፍ ላይ፥ የደብሊን ቫይኪንጎችና የሌንስተር ሰዎች ተባብረው ከመጡበት ጦር ጋር ሲዋጋ፥ ሠራዊቱ ድል አድርጎ እርሱ ግን ተገደለ። የብራየን ዘሮች «ኦ ብራየን» ተባሉ፤ ንግሥናውንም እነርሱ ያዙት። የብራየን ወንድም የዶን ኩዋን ልጅ ግን በአያቱ ስም ኬኔቲግ ተብሎ ነበርና ከእርሱ የመጡት «ኦ ኬኔቲግ»፥ በኋለኛው አነጋገር «ኦ ኪኔይዴ» ተባሉ። ኬኔዲ ማለት ይህ ነው። እንግዲህ ከመጀመሪያው ጀምሮ የአጎት ቤት ዙፋኑን ሲወስድ የወንድም ልጅ ቤት ቦታ ፍለጋ የሚወጣ ሆነ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ስደት ሁሉ ሥሩ እዚህ ነው።

የስሙ ትርጓሜ ሊቃውንቱን ሲያከራክር ኖሯል። «ኬን» ማለት ራስ እንደ ሆነ ሁሉም ይስማማሉ። የቀረውን ክፍል አንዳንዶቹ «አስቀያሚ» ሲሉት ሌሎቹ «የጦር ልብስ» ይሉታል። ስለዚህ ኬኔዲ ወይ «ራሰ ክፉ» ነው፤ ወይ «ራሱን በብረት ቁር የሸፈነ» ነው። ቤተሰቡ የትኛውን እንደሚወድ መናገር አያሻንም። እኛ ግን ፊተኛውን ለመናቅ አንቸኩልም፤ ልጅን ከዓይን እንዲያድነው ብሎ የማያምር ስም ማውጣት ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለምና።

ለቋንቋ ተማሪዎች የሚጥም አንድ ጉዳይም አለ። በጌይሊክ ስሙ እንደ ባለቤቱ ይለዋወጣል። ወንዱ «ኦ ኪኔይዴ» ሲባል ያላገባች ሴት ልጁ «ኒ ኺኔይዴ» ትባላለች፤ ሚስቱ ደግሞ «ኢ ኺኔይዴ» ናት። የፊተኛው «ኪ» ላልቶ «ኺ» መሆኑን አንባቢ ይመልከት። እንግሊዞች ይህን ድምፅ በፊደላቸው ለመጻፍ ሲቸገሩ የእኛ ፊደል ግን «ከ»ንና «ኸ»ን ጐን ለጐን አስቀምጦ ይጠብቃቸዋል። በእንግሊዝኛ ወንዱም ሴቲቱም ያው ኬኔዲ ናቸው፤ በትርጉም ጊዜ ልጅና ሚስት የሚለዩበት ሰዋስው በመንገድ ቀረ።

የመጀመሪያው ስደት ረጅም አይደለም፤ ወንዝ መሻገር ብቻ ነው። በ12ኛው ምዕት ዓመት የዘመዶቻቸው የኦ ብራየኖችና የጎረቤቶቻቸው የማክናማራዎች ግፊት ቢበረታባቸው ኬኔዲዎች ከክሌር ተነሥተው ሻነንን ወደ ምሥራቅ ተሻገሩና በሰሜን ቲፐራሪ፥ ኦርመንድ በሚባለው አገር ሠፈሩ። በዚያም እስከ 16ኛው ምዕት ዓመት ድረስ ጌቶች ሆነው ኖሩ። ሲበዙም በሦስት ተከፈሉ፤ ቀዩ ኬኔዲ፥ ቡናማው ኬኔዲና ነጩ ኬኔዲ ተባሉ፤ ይህም በጠጉራቸው ቀለም ነው።

በዚህ መካከል ኖርማኖች ከእንግሊዝ መጥተው ነበር። ከእነርሱ አንዱ የበትለር ቤት በዚያው በኦርመንድ መሬት ተሰጠው፤ በኒና ከተማም ታላቅ ግንብ አሠራ፤ በ1328 ደግሞ የእንግሊዝ ንጉሥ የቤቱን አለቃ «የኦርመንድ መስፍን» ብሎ ሾመው። ስለዚህ አንድ አገር ሁለት ጌታ ኖረው፤ አንዱ በለንደን ወረቀት፥ ሌላው በመሬቱ ላይ። በትለሮች በ1391 የኪልኬኒን ግንብ ገዝተው መቀመጫቸውን ወደዚያ ሲያዛውሩ የማዕረጉን ስም ግን ይዘውት ሄዱ። የአገሩን ስም የተሸከሙት በአገሩ የሌሉት ሆኑ።

ከዚህ ዘመን የተረፈ አንድ ዕቃ አለ፤ ስለ እርሱ ጥቂት ብንዘገይ አንባቢ አይቀየመንም። በደብሊን የሚገኝ «የስቶው መጽሐፈ ቅዳሴ» የተባለ ትንሽ የብራና መጽሐፍ አለ፤ በላቲንና በጌይሊክ በ800 ገደማ የተጻፈ ነው። የእኛ አባቶች የብራና መጽሐፍ በቆዳ ማኅደር እንደሚያኖሩት እነዚያም ለመጽሐፉ በብረትና በብር የተለበጠ የእንጨት ማኅደር አሠርተውለታል። ማኅደሩ መጀመሪያ የተሠራው በ11ኛው ምዕት ዓመት ሲሆን በአንደኛው ገጹ ላይ የብራየን ቦሩ ልጅ የዶንካድ ስም ተቀርጿል። ሌላው ገጽ ግን ከ300 ዓመት በኋላ ታድሷል፤ በእርሱም ላይ የኦርመንዱ ገዥ ፊሊፕ ኦ ኬኔዲና ሚስቱ አይነ እንዲጸለይላቸው ተጽፏል። ባልና ሚስት የሞቱት በአንድ ዓመት፥ በ1381 ነው። እንግዲህ በአንድ ሣጥን ላይ የአጎት ልጅና የወንድም ዘር፥ ንግሥናውን የወሰደውና ወንዝ የተሻገረው፥ ፊትና ኋላ ሆነው ተገናኝተዋል። ፊሊፕ ያሳደሰው የኦ ብራየኖች ስም ያለበትን ዕቃ መሆኑን ስናስብ እኛም የዚህ ቅዳሴ ዘመዶች ነን ለማለት እንደ ሆነ እንገምታለን። መጽሐፉ በ18ኛው ምዕት ዓመት የኬኔዲዎች በነበረው በላኪን ግንብ ግድግዳ ውስጥ ተደብቆ እንደ ተገኘ ይባላል።

አሁን ማስጠንቀቂያ ይገባል። በስኮትላንድም በኤርሸር አገር ኬኔዲዎች አሉ፤ የካሲሊስ መስፍንነት የተሰጣቸው ኃይለኛ ቤት ናቸው፤ የፊተኛው መስፍን ዴቪድ ኬኔዲ በ1513 በፍሎደን ጦርነት ወድቋል። ስማቸውም እንደ አየርላንዶቹ ከጌይሊክ የመጣ ነው። ነገር ግን አያታቸው ሌላ ነው። በ17ኛው ምዕት ዓመት የእንግሊዝ ንጉሥ ስኮትላንዳውያንን በሰሜን አየርላንድ ሲያሠፍር እነዚህ ኬኔዲዎችም ተሻገሩ፤ ስለዚህ ዛሬ በሰሜኑ ክፍል ኬኔዲ የሚባል ሰው ብታገኙ ቅድመ አያቱ ብዙ ጊዜ የስኮትላንድ ሠፋሪ ነው እንጂ የሻነን ልጅ አይደለም። አንድ ስም፥ አንድ ቋንቋ፥ ሁለት ዘር። ስም ብቻ ይዞ ዘር የሚቆጥር ሰው በመጀመሪያው መሻገሪያ ላይ ይሰጥማል።

ወደ ኦርመንድ እንመለስ። እንግሊዞች አገሩን በጦር ከመያዛቸው አስቀድመው ስሙን ለመያዝ ሞክረው ነበር። በ1465 የወጣው ሕግ በደብሊን ዙሪያ ባሉት አገሮች የሚኖሩ አየርላንዳውያን የእንግሊዝ ስም እንዲይዙ ያዝዛል፤ ይኸውም ወይ የከተማ ስም፥ ወይ የቀለም ስም እንደ ነጭና ጥቁር፥ ወይ የሙያ ስም እንደ አንጥረኛና አናጢ ይሁን ይላል። ኬኔዲዎች ከዚህ ሕግ ርቀው ስለ ነበሩ በዚያ ጊዜ አላገኛቸውም። ያገኛቸው ክሮምዌል ነው። ከ1649 ጀምሮ ጦሩ አገሩን ደመሰሰ፤ በ1652 የወጣው የርስት ሕግ ደግሞ የካቶሊክ ባለርስቶች መሬታቸው ተወርሶ ወደ ምዕራብ ወደ ኮናክት እንዲሄዱ አዘዘ። የኦርመንድ ኬኔዲዎችም ግንባቸውን አጡ። ጌታ የነበረው በአያቱ መሬት ላይ ጭሰኛ ሆነ። ካቶሊኮችን የሚጨቁኑት ሕጎች ከ1695 ጀምረው ሲከታተሉ ርስት መግዛት፥ ትምህርት ቤት መክፈት፥ ምክር ቤት መግባት ሁሉ ተከለከለ።

«ኦ»ም የወደቀችው በዚህ ዘመን ነው። የወደቀችበት አዋጅ የለም። ግብር ሰብሳቢው፥ የዳኛው ጸሐፊና የባለርስቱ ወኪል እንግሊዝኛ ይጽፋሉ፤ ገበሬው ስሙን ይናገራል እንጂ አይጽፍም፤ ከዚህም በላይ «ኦ»ና «ማክ» ያለበት ስም የጌይሊክነትና የካቶሊክነት ምልክት ስለ ነበረ ሥራ ፈላጊው ራሱ መደበቁን መረጠ። በዚህ መልክ ኦ ኪኔይዴ ኬኔዲ ሆነ። «የልጅ ልጅ» የምትለው ቃል ስትወድቅ የቀረው ባዶ የአያት ስም ነው፤ «የኬኔቲግ ዘር ነኝ» ማለቱ ቀርቶ «ኬኔቲግ ነኝ» እንደ ማለት ሆነ። በ1893 የጌይሊክ ማኅበር ተቋቁሞ ቋንቋውን ማነሣሣት ሲጀምር ብዙ ቤተሰቦች፥ ለምሳሌ ኦ ሳሊቫኖችና ኦ ኮኖሮች፥ የጣሏትን «ኦ» አነሡ። ኬኔዲዎች ግን አብዛኞቹ ሳያነሡ ቀሩ። በ1890 የተወለዱትን ሕፃናት መዝገብ ቆጥሮ የስሞችን ደረጃ ያወጣው ማቲሰን ኬኔዲን ከአየርላንድ ስሞች 16ኛ አድርጎ አስቀምጦታል፤ እንዲህ የበዛ ቤት «ኦ»ን የተወው ለምን እንደ ሆነ ቢጠየቅ፥ ኬኔዲ ያለ «ኦ» ለጆሮ ሙሉ ቃል ስለሚመስል ይሆናል ብለን እናስባለን።

ሰዎች ብዙ ጊዜ የስደተኞች ስም የሚቆረጠው በአሜሪካ ወደብ ነው፤ በኒው ዮርክ በኤሊስ ደሴት ያሉት ሹማምንት እንደ ፈለጉ ይለውጡት ነበር ይላሉ። ለኬኔዲ ይህ አይሠራም። የኤሊስ ደሴት መቀበያ የተከፈተው በጥር 1 ቀን 1892 ነው፤ በዚያን ዕለት መጀመሪያ የገባችውም አኒ ሙር የምትባል የኮርክ ልጅ ናት። ኬኔዲዎች ግን አሜሪካ የገቡት ከዚያ ከ40 ዓመት በፊት ነው። ስሙ የተቆረጠው በሰው አገር ወደብ አይደለም፤ በገዛ አገሩ፥ በገዛ መሬቱ ላይ ነው።

ከቲፐራሪ የወጣ አንድ ቅርንጫፍ በ1600 ገደማ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ወርዶ በዌክስፈርድ እንደ ሠፈረ የአየርላንድ የስም ታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ከዚያ እስከ 19ኛው ምዕት ዓመት ድረስ ያለውን እርምጃ በወረቀት መከተል አይቻልም፤ ምክንያቱም አሳዛኝ ነው። በሰኔ 30 ቀን 1922 በእርስ በርስ ጦርነት መካከል የደብሊን የመንግሥት መዝገብ ቤት ተቃጠለ፤ ከ1821 እስከ 1851 የተደረጉት የሕዝብ ቆጠራዎችም ከጥቂት ቁራጭ በቀር አመድ ሆኑ። የ1861ና የ1871 ቆጠራ ቀድሞውኑ በመንግሥት ትእዛዝ ተደምስሶ ነበር፤ የ1881ና የ1891ም በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወረቀቱ ለሌላ ሥራ ተብሎ ተፈጭቷል። ዛሬ ዘሩን የሚፈልግ አየርላንዳዊ የሚያገላብጠው በ1823ና በ1837 መካከል የተጻፈውን የአሥራት መክፈያ መዝገብና ከ1847 እስከ 1864 የተዘጋጀውን የመሬት ግምት መዝገብ ነው። የፊተኛው ካቶሊኩ ገበሬ ለማያምንበት ቤተ ክርስቲያን የሚከፍለውን ለመተመን፥ ሁለተኛው ግብር ለማስከፈል የተዘጋጁ ናቸው። የድኻው የትውልድ መጽሐፍ ባለዕዳ ሆኖ የተመዘገበበት ደብተር ነው። ቅዳሴው ማኅደር ላይ ስሙ እንዲጸለይለት ካስቀረጸው ከፊሊፕ ኬኔዲ እስከዚህ ምን ያህል እንደ ተወረደ አንባቢ ራሱ ይለካው።

በዌክስፈርድ ውስጥ በኒው ሮስ ከተማ አጠገብ ደንጋንስታውን የሚባል መንደር አለ። በ1823 ገደማ በዚያ ፓትሪክ ኬኔዲ የሚባል ልጅ ተወለደ፤ አባቱ ጭሰኛ ነበረ፤ እርሱም ከወንድሞቹ ታናሽ ስለ ነበረ መሬት አይደርሰውም። በርሜል መሥራት ተማረ። በ1845 ድንቹን የሚያበሰብስ በሽታ ገባ፤ ረሃቡም እስከ 1852 ቆየ። አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፤ ሌላ ሚሊዮን ያህል ተሰደደ። በ1841 ከ8 ሚሊዮን በላይ የነበረው የአገሩ ሕዝብ በ1851 ሲቆጠር 6 ሚሊዮን ተኩል ሆኖ ተገኘ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ደግሞ እህልና ከብት ከአየርላንድ ወደቦች ወደ እንግሊዝ መጫኑ አልቆመም ነበር። የጠፋው ድንቹ ነው፤ ድኻው የሚበላው ደግሞ ድንቹን ብቻ ነበረ።

ፓትሪክ በረሃቡ መጨረሻ ዓመታት ባሕር ተሻግሮ ቦስተን ገባ፤ በበርሜል ሠሪነትም ተቀጠረ። በ1849 ከዚያው ከዌክስፈርድ የመጣችውን ብሪጅት መርፊን አገባ። ልጆችም ወለዱ፤ የመጨረሻው ፓትሪክ ጆሴፍ በጥር ወር 1858 ተወለደ። በዚያው ዓመት በኅዳር 22 ቀን አባትየው ሞተ፤ ዕድሜው 35 ገደማ ነበረ። ከ105 ዓመት በኋላ በዚያው በኅዳር 22 ቀን የልጅ ልጁ ልጅ ዳላስ ላይ እንደሚገደል ማን አወቀ!

እዚህ ላይ የኬኔዲን ታሪክ የሚጽፉት ሰዎች ከፓትሪክ ወደ ልጁ ቶሎ ይዘላሉ። እኛ ግን ብሪጅትን ማለፍ አንፈልግም። ኬኔዲ የሚለው ስም በአሜሪካ የቆመው በትውልዷ ኬኔዲ ባልሆነች በአንዲት ባልቴት ትከሻ ላይ ነው። በሰው ቤት አገልግላ፥ ኋላም በምሥራቅ ቦስተን ትንሽ ሱቅ ከፍታ፥ ሱቁንም አስፍታ ልጆቿን አሳደገች። ልጇ ፓትሪክ ጆሴፍ በወደብ ጫኝና አውራጅነት ሠርቶ መጠጥ ቤት ከፈተ፤ በ1880ዎቹም ለማሳቹሴትስ ምክር ቤት ተመረጠ። እርሷ የሞተችው በ1888 ነው፤ በዚያው ዓመት የልጅ ልጇ ጆሴፍ ተወለደ፤ እርሱም ሀብታም ሆኖ ከ1938 እስከ 1940 በለንደን የአሜሪካ አምባሳደር ሆነ። የክሮምዌል አገር ንጉሥ የኬኔዲን ልጅ የሹመት ደብዳቤ ተቀበለ። የስሙ ክብር ለባሏ ዘር ተቆጥሯል፤ ድካሙ ግን የመርፊ ልጅ ነበረ።

የጆሴፍ ልጅ ጆን በ1917 ተወለደ፤ በ1960 ተመርጦ የመጀመሪያው ካቶሊክ የአሜሪካ ፕሬዚደንት ሆነ። ሙሉ ስሙ ጆን ፊትዝጄራልድ ኬኔዲ ነው። ፊትዝጄራልድ የእናቱ ቤት ስም ሲሆን «ፊትዝ» በኖርማኖች ፈረንሳይኛ ልጅ ማለት ነው፤ የጄራልድ ልጅ እንደ ማለት። የዚህ ስም ሰዎች በ1169 ዌክስፈርድ ላይ ወርደው አየርላንድን መያዝ ከጀመሩት ኖርማኖች መካከል ናቸው። የወራሪውና የተወራሪው ስም በአንድ ሰው ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። ግን በጆን ዘመን ሁለቱም ቤቶች ረሃብ ያባረራቸው የቦስተን አየርላንዳውያን ነበሩ። ስምንቱም ቅድመ አያቶቹ ከአየርላንድ የመጡ ናቸው።

የአየርላንድ መንግሥት በ1961 ለፕሬዚደንቱ ዓርማ ሰጠው፤ በጥቁር ጋሻ ላይ ሦስት የወርቅ የራስ ቁሮች አሉበት። የስሙ ትርጓሜ ክርክር በዚህ በመንግሥት ሥልጣን ተቆረጠ፤ «ራሰ ክፉ» ተሸነፈ።

በሰኔ 1963 ጆን ኬኔዲ አየርላንድን ጐበኘ፤ በኒው ሮስ ወደብ ቆሞም ቅድመ አያቱ ባይሰደድ ኖሮ ራሱ ዛሬ በወዲያ ማዶ ባለው ፋብሪካ ይቀጠር እንደ ነበር በቀልድ ተናገረ። በጥቅምት ወር ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን በዋሽንግተን ተቀበለ። በኅዳር ተገደለ። በቀብሩ ሰልፍ ላይ የኢትዮጵያው ንጉሠ ነገሥትና የአየርላንዱ ፕሬዚደንት ዴ ቫሌራ አብረው ሄዱ፤ ይህ ዴ ቫሌራ በ1935 በጄኔቭ ስለ ኢትዮጵያ የተናገረው ሰው ነው። በመቃብሩም ላይ የአየርላንድ የጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኰንኖች የክብር ሰልፍ አሳዩ። ከዚያ በኋላ ስሙ ከሰው ወደ ቦታ ተሻገረ፤ በፍሎሪዳ የሚገኘው የሮኬት ማስወንጨፊያ ርእሰ ምድር ኬፕ ኬኔዲ ተባለ። የአገሩ ሰዎች ግን የ400 ዓመት ስማችንን አንተውም ብለው በ1973 ኬፕ ካናቬራል ብለው መለሱት። ስማቸውን በወረቀት ለተነጠቁት ለኦርመንድ ሰዎች ይህ ነገር ደስ ባላቸው ነበር።

በደንጋንስታውን ያለው ቤትስ ምን ሆነ? ፓትሪክ ሲሰደድ ወንድሙ በቤቱ ቀረ፤ የወንድሙም ዘር በመሬቱ ላይ ቆየ። በ1963 ፕሬዚደንቱ ለሻይ ሲመጣ በበሩ የተቀበለችው የሥጋ ዘመዱ፥ በትውልዷ ኬኔዲ፥ በባሏ ስም ግን ራየን ነበረች። ቤቱ አሁን የታሪክ መታያ ሆኖ ለጐብኚ ተከፍቷል፤ እርሻውም እንደ ጥንቱ ይታረሳል። የሚጠብቁት በሴት በኩል የወረሱት የፓትሪክ ወንድም ልጆች ናቸው፤ ስማቸው ኬኔዲ አይደለም።